ልብ ቢገለበጥ ምን ይሆናል?

በዚህ ወር ዓምዳችን ስለ አግድምና ቁልቁል የቃላት ጨዋታ፣ በተለይም እንግሊዞች ስላራቀቁት ስለ ስውሩ ዓይነት እናወጋለን። ብዙ ወጣቶች ፍንጩን አንድ ጊዜ አንብበው «ይህ የሊቃውንት ነው» በማለት ይተውታል። ጨዋታው ግን ከእውቀት ብዛት ይልቅ ትዕግሥትን ይጠይቃል።

ተራውን የቃላት ጨዋታ አርተር ዊን የተባለ የሊቨርፑል ተወላጅ በዲሴምበር 21 ቀን 1913 እ.ኤ.አ. በአንድ የኒው ዮርክ ጋዜጣ ላይ አወጣው። ስውሩ ዓይነት ያደገው ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ ነው። እያንዳንዱ ስውር ፍንጭ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ የመልሱ ቀጥተኛ ፍቺ፣ ሌላው ቃሉ የሚሠራበት መንገድ። ፍቺው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ወይም በመጨረሻው ላይ ይገኛል። ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ይህ እንግዳ አይደለም።

ምሳሌ እንስጥ፦ «ልብ ቢገለበጥ ልብስ ይበላል» (2 ፊደል)። ሲነበብ ስለ ሰው ልብ መለወጥ የሚናገር ይመስላል፤ ሰሙ ይህ ነው። አሁን ለሁለት እንክፈለው። «ልብስ ይበላል» የሚለው ፍቺው ነው። «ልብ ቢገለበጥ» የሚለው ደግሞ አሠራሩ ነው፤ ፊደላቱን ከኋላ ወደ ፊት ስናነብ «ብል» እናገኛለን። ሁለቱ መንገዶች አንድ ቦታ ከተገናኙ መልሱ ትክክል ለመሆኑ ሌላ ምስክር አያሻም።

ሌላም እንጨምር፦ «ከጤና ቀጥሎ የመጀመሪያው ሰው፤ ቡና ውስጥ ይነከራል» (2 እና 3 ፊደል)። መልሱ ጤና አዳም ነው።

እንግዲህ ጥሩ ፍንጭ አዘጋጅ ያዘናጋል እንጂ አይዋሽም። የሚያስፈልገን ሁሉ ፊት ለፊታችን ተቀምጧል፤ የሚያሰናክለን መጀመሪያ የመጣልንን ትርጉም ይዘን መቅረታችን ነው። ይህ ልምድ ከጨዋታም አልፏል። በጃንዋሪ 1942 እ.ኤ.አ. «ዴይሊ ቴሌግራፍ» የተባለው የለንደን ጋዜጣ በ12 ደቂቃ የሚፈታ የቃላት ውድድር አዘጋጅቶ ነበር። ከተወዳዳሪዎቹ አንዳንዶቹ በኋላ የጀርመንን ምሥጢራዊ መልእክቶች ይፈታ ወደነበረው ወደ ብሌችሊ ፓርክ ተጠርተዋል።

ውድ ወላጆች፣ ከእራት በኋላ ከልጆቻችሁ ጋር ሞክሩት። ልጁ ሲሳሳት መልሱን ከመንገር ይልቅ «ፍቺው የቱ ጋ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። በሰዎች ንግግርም ቶሎ ከመፍረድ በፊት ደግሞ ማድመጥን ይማርበታል።

ለቤተሰቡ የተተወ ፍንጭ፦ «በእማማ ርስት ተደብቆ የተገኘ የንብ ሥራ» (2 ፊደል)። መልሱን ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር እንገናኝበታለን።