በስንት ዲግሪ ተለክቶ ነው?

ነገሩ ወዲህ ነው። ባለፈው መስከረም ማለቂያ ላይ፣ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ዋጃ ቤተሰብ ዘንድ ነበርኩ። ማሽላው ፍሬ ይዟል። ማሽላ ፍሬ ያዘ ማለት ደግሞ ለእኛ አገር ሰው ዕረፍት ቀረ ማለት ነው። ከላይ ግሪሳ፣ ከታች ከርከሮ፣ ከጎን ዝንጀሮ። እናም አጎቴ ከጠዋት እስከ ማታ የሚውሉት ማማ ላይ ነው። ወንጭፍ አላቸው፣ ጅራፍ አላቸው፣ ፈቃድ የወጣበት አንድ አሮጌ ጠመንጃም አላቸው።

ያን ቀን ምሳቸውን ይዤ ስሄድ ሰባት ሰዓት አልፏል። የራያን ቆላ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በዚያ ሰዓት ውሻ እንኳ ጥላውን ትቶ አይንቀሳቀስም። ዝናሩ ማማው ቋሚ ላይ ተንጠልጥሎ ፀሐይ ይጠጣል። ሳህኑን ሳቀብላቸው ከጥይቶቹ አንዱ ክንዴን ነካኝና “እፍ!” ብዬ ዘለልኩ። ምድጃ ዳር የተረሳ ማንኪያ በሉት።

“አጎቴ፣ ይሄን ከጥላ ባደርግልዎትስ?”

“ተይው አንቺ ልጅ፣ ጥይት የሚበላሸው በዝናብ እንጂ በፀሐይ አይደለም” አሉኝ።

ብዙም ሳይቆይ የዝንጀሮ መንጋ ከወንዙ በኩል ብቅ አለ። አጎቴ ወደ ሰማይ አንድ ተኮሱ። ድምፁ እንደ ወትሮው አልነበረም፤ ሰበር ያለ፣ የሚያስደነግጥ ነበር። ዝንጀሮውም ሸሸ፣ አጎቴም ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቁጭ አሉ። ቅንድባቸው ተለብልቧል። የጠመንጃው መዝጊያ አልከፈት ብሎ በእንጨት ተመትቶ ሲከፈት፣ ቀለሁ ከወደ ቂጡ ተሰንጥቆ ወጣ። ዓይናቸው በፈጣሪ ቸርነት ተርፏል።

ማታ ጎረቤት ለጥየቃ ተሰበሰበ። አንዱ “አያ፣ ጠመንጃው አርጅቷል ጣሉት” አለ። ሌላው “ጥይቱ የተሞላ ነው፣ ሻጩ ነው ጥፋተኛው” አለ። እውነትም ዝናሩ ውስጥ ከነበሩት አንዳንዶቹ የፋብሪካ አልነበሩም። የተተኮሰ ቀለህ ተለቅሞ፣ ባሩድና አረር እንደገና ተሞልቶበት የተሸጠ ነው። ሦስተኛው ደግሞ “ዕጣ ነው” ብሎ ዘጋው። ሁሉም አንዳንድ እውነት ይዘዋል። ስለ ፀሐይዋ ግን ያነሳ ሰው አልነበረም።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች አንደኛ ዓመት ላይ ከምንሸመድዳቸው ነገሮች የመጀመሪያው “ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት” የሚለው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ በበኩሌ አንድ ጥያቄ ጨምሬበታለሁ። ቁጥር በቀረበልኝ ቁጥር “በስንት ዲግሪ ተለክቶ ነው?” እላለሁ። ለምን እንደምል ላስረዳ።

ጥይት ውስጥ ያለው ባሩድ አይፈነዳም፣ ይቃጠላል። በጣም በፍጥነት፣ ግን ከላዩ ጀምሮ ወደ ውስጥ እየተላጠ ይቃጠላል። ቃጠሎው ጋዝ ይፈጥራል፣ ጋዙ አረሩን ይገፋል። ባሩዱ ገና ከመቃጠሉ በፊት የጋለ ከሆነ ግን ለመቀጣጠል የሚቀረው ሙቀት ትንሽ ነውና ቃጠሎው ይፈጥናል። ምጣዱ አስቀድሞ በደንብ የጋለ እንደሆነ እንጀራው ቶሎ ዓይን እንደሚያወጣው ማለት ነው። ጋዙ ቶሎ ይሞላል፣ አረሩ ገና ብዙ ሳይርቅ ግፊቱ ከፍ ይላል። የነሐሱ ቀለህ በግፊቱ ተለጥጦ የጠመንጃውን ግድግዳ ይይዛል፤ በደህናው ጊዜ መልሶ ይሸበሸብና በቀላሉ ይወጣል። ግፊቱ ልክ ሲያልፍ ግን ተጣብቆ ይቀራል። ከዚያም ካለፈ ይሰነጠቃል፣ ጋዙም ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። አጎቴ ላይ የደረሰው ይኸው የመጨረሻው ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል ነው? እንደ ባሩዱ ዓይነት ቢለያይም፣ በተለመደው ባሩድ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር የአረሩ ፍጥነት በሴኮንድ ከግማሽ እስከ 1 ሜትር ይጨምራል። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ጥይቱ በ30 ዲግሪ ከጋለ ከ15 እስከ 30 ሜትር ይሆናል። በሴኮንድ 850 ሜትር ለሚበር አረር 30 ሜትር ከመቶ 3 ተኩል ነው። ፍጥነቱ በዚህን ያህል ሲጨምር ግፊቱ በመቶኛ ከዚያ እጥፍ በላይ ይጨምራል። ጥይቱ መጀመሪያውኑ እስከ ልኩ ጫፍ የተሞላ ከሆነ ይህ ትርፍ የሚገባበት ቦታ የለውም።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ጥያቄዬ የሚመጣው። ጥይት በእጃቸው የሚሞሉ ሰዎች፣ በተለይ በአሜሪካና በአውሮፓ፣ ይህን ያህል አረር ይህን ያህል ባሩድ የሚል የሠንጠረዥ መጽሐፍ አላቸው። ሠንጠረዡ የተለካው በስንት ዲግሪ ነው? እ.ኤ.አ. በ1914 የተቋቋመውና በፈረንሳይኛ ምህጻሩ ሲአይፒ የሚባለው የጦር መሣሪያ ፍተሻ ኮሚሽን የጥይት ግፊት የሚለካው ጥይቱን 21 ዲግሪ ላይ አቆይቶ ነው። የአሜሪካኖቹም መለኪያ እዚያው አካባቢ ነው። 21 ዲግሪ ማለት ደስ የሚል የክፍል ውስጥ አየር ነው። ዋጃ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት። በበጋው ጥላ ውስጥ እንኳ ከ30 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ብረት ደግሞ ከጥላው ሙቀት እጅግ ያልፋል። ወታደሮቹ ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። የኔቶ የጥይት ፍተሻ ከ21 ዲግሪው ሌላ በ52 ዲግሪ ሙቀትና ከዜሮ በታች በ54 ዲግሪ ቅዝቃዜም ይደረጋል። ለጦር የሚሠራው ጥይት በበረሃ ይፈተናል፤ ማሽላ ጠባቂው ዝናር ውስጥ የገባው የተሞላ ጥይት ግን የተፈተነው በአጎቴ ጉንጭ ላይ ነው።

“ጥይት የሚበላሸው በዝናብ ነው” የሚለው የአጎቴ አባባልስ ከየት መጣ? ስህተት አይደለም፤ ጊዜው ያለፈበት እውነት ነው። አያቶቻችን ውጅግራ ይሉት የነበረው የፈረንሳዩ “ፉዚል ግራ” የሚተኩሰው በጥቁር ባሩድ ነበር። ጥቁር ባሩድ እርጥበት ይስባል፣ ዝናብ ጠላቱ ነው፤ የአየሩ ሙቀት ግን ያን ያህል አይለውጠውም። በዚያ ዘመን ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ገንዘብ ሆኖ ይገበያዩበት ስለነበር ቀለህ መጣል ነውር ነበር። ከዚያ ፖል ቪዬይ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1884 ጭስ አልባውን ባሩድ ሠራ። ከሁለት ዓመት በኋላም እኛ ለበን ያልነው ጠመንጃ በዚሁ ባሩድ ወጣ። ባሩዱ ተቀየረ፣ ምክሩ ግን ሳይቀየር ከአባት ወደ ልጅ ተላለፈ። እኛ ዛሬም ጥይታችንን ከዝናብ እናሸሻለን፤ ከፀሐይ አናሸሽም።

ሌሎች ይህን የተማሩት በአደን ነው። እንግሊዞች ኮርዳይት የሚባል ባሩዳቸውን ይዘው ወደ ሕንድና ወደ አፍሪካ ሲወርዱ፣ አገራቸው በደህና የተኮሰው ጥይት በሙቀቱ ቀለሁ እየተጣበቀ አስቸገራቸው። ዝሆንና ጎሽ እየመጣ ቀለህ አልወጣ ካለ ምን እንደሚሆን አስቡት! ስለዚህ የጥይት ፋብሪካዎቻቸው ለሞቃት አገር ብለው ባሩዱን ቀነስ ያደረጉ ጥይቶች ሸጡ። ሪግቢ የተባለው የለንደን ጠመንጃ ሠሪም እ.ኤ.አ. በ1911 ያወጣው 416 ጥይት ቀለሁ ሰፊ እንዲሆን የተደረገው ግፊቱ በሙቀት አገርም ዝቅ እንዲል ነው። በእኛ ዘመን ደግሞ ሙቀት ብዙ የማይለውጠው ባሩድ ተሠርቷል፤ ሆጅደን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ “ኤክስትሪም” እያለ ለዓመታት የሸጠው ባሩድ የተመረተው አውስትራሊያ ውስጥ ሙልዋላ በምትባል ከተማ ነው። ከሞቃት አገር መምጣቱ አይገርምም።

አገራችን ራሷ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ መፈተኛ ናት። በፈቃድ ለማደን ከውጭ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ አንደኛ የሚመኘው በዓለም ላይ እኛ ዘንድ ብቻ ያለውን የደጋ አጋዘን ነው። ይህ እንስሳ ለሳይንስ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1908 ባክስተን የተባለ እንግሊዛዊ ከገደለው በኋላ ነው። የሚኖረው በአርሲና በባሌ ተራሮች፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለ ብርድ ነው። ያው አዳኝ በዚያው ጉዞ ሳላ ፍለጋ አፋር ቆላ ቢወርድ 40 ዲግሪ ይጠብቀዋል። አገሩ ጓዳ ውስጥ የሞላው አንድ ዓይነት ጥይት ንጋት ላይ በ5 ዲግሪ፣ ከቀናት በኋላ ደግሞ በ40 ሊተኮስ ነው። የ35 ዲግሪ ልዩነት! 100 ሜትር ላይ ኢላማው ብዙም አይለወጥም። 400 ሜትር ላይ ግን አንድ መዳፍ ስፋት ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። አንድ መዳፍ ለአዳኙ ትንሽ ነው፤ ለእንስሳው ግን ወዲያው በመሞትና ቆስሎ ጫካ ገብቶ ለቀናት በመሰቃየት መካከል ያለ ርቀት ነው። ስለዚህ አዋቂ አዳኝ ጥይቱን የሚሞክረው በሚያድንበት አየር ነው፤ ሲሞላም እስከ ጫፍ አይሞላም።

አንዳንዱ “አታጋንኚ፣ ዕድሜ ልካችን በሙቀት ተኩሰናል፣ ምን ሆንን?” ይለኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በሲአይፒ ደንብ አንድ ጠመንጃ ከፋብሪካ ሲወጣ ከልኩ 25 በመቶ በላይ ግፊት ባለው ጥይት ይፈተናል። ስለዚህ ደህና ጠመንጃ፣ ደህና የፋብሪካ ጥይት ከሆነ ፀሐይ ብቻዋን አትሰብረውም። አደጋው የሚመጣው ሲደራረብ ነው። ያረጀ ጠመንጃ፣ ስንቴ እንደተሞላ የማይታወቅ የደከመ ቀለህ፣ ያለ ሚዛን በግምት የገባ ባሩድ፣ በላዩ ላይ ደግሞ የቀትር ፀሐይ። አጎቴ ላይ አራቱም ተገናኙ። ከአራቱ ሦስቱን በአንድ ቀን ማስተካከል አይቻልም፤ ዝናሩን ከፀሐይ ወደ ጥላ ማዞር ግን የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር፣ ያውም በነጻ።

ሌላም አለ። ሙቀት በተኩሱ ሰዓት ብቻ ሳይሆን በማስቀመጡም ይጎዳል። ጭስ አልባ ባሩድ ቀስ በቀስ ራሱን የሚበላ ነገር ነው፤ እንዳይበላሽ የሚጠብቀው ንጥረ ነገር ይጨመርበታል፣ ሙቀት ደግሞ ያን ጠባቂ ቶሎ ይጨርሰዋል። በደምሳሳው ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የመበላሸቱ ፍጥነት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ሳጥን ውስጥ ስንት በጋ የከረመ ጥይት እንደ አዲስ አይታመንም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበረው ጦርነት በእኛም ቀዬ አልፏል። ከዚያ ወዲህ የት እንደከረመ የማይታወቅ ጥይት በሰው እጅ መኖሩን የአገሬ ሰው ያውቀዋል። ልጆች ሜዳ ላይ እንደ መጫወቻ ሲያነሱት ማየት ደግሞ ያሳቅቃል።

ጠመንጃ ይበርክት እያልኩ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያም ሆነ ጥይት ያለ ፈቃድ መያዝን፣ መሥራትንና መነገድን ይከለክላል፤ ከገበያ የሚገዛ የተሞላ ጥይት ከሕጉም ከጤናውም ውጪ ነው። እያልኩ ያለሁት ይህን ነው፤ በፈቃድ የያዘ ሰው ጥይቱን ከፀሐይ ያውርድ፤ ማን እንደሞላው የማያውቀውን አይተኩስ፤ ሲተኮስ የጋለ ጠመንጃ ውስጥ ጥይት አጉርሶ አይተው፤ መዝጊያው ከወትሮው ከከበደው በጉልበት ታግሎ ሁለተኛ አይተኩስ፣ ያቁም። ሜዳ ላይ የተገኘ ጥይት ካለ አይነካ፣ ለሚመለከተው አካል ይነገር።

ለእኛ ለነገ ጋዜጠኞች ደግሞ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና፣ “ጥይት በድንገት ፈንድቶ ጉዳት አደረሰ” ብለን የምንዘግባትን መስመር እንተዋት። “በድንገት” የሚለው ቃል ያልጠየቅነውን ጥያቄ መሸፈኛ ነው። ጥይቱ ከየት መጣ? ማን ሞላው? የት ተቀመጠ? ቀኑ ስንት ዲግሪ ነበር? ይህ ለጥይት ብቻ አይደለም። መድኃኒቱም፣ የተባይ ማጥፊያውም፣ ባትሪውም “በዚህ ሙቀት ውስጥ ይቀመጥ” የሚል ጽሑፍ ይዞ ነው ወደ እኛ ቆላ የሚመጣው። ያንን ጽሑፍ ለአንባቢያችን ካላነበብንለት ማን ያነብለታል?

በኅዳር ስልክ ደውዬ ነበር። ቅንድባቸው በቅሏል። ማሽላው ታጭዷል። “አጎቴ፣ ዝናሩስ?” አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና “ጓዳ፣ ከእንስራው አጠገብ አስቀምጬዋለሁ” አሉኝ። “ደግሞ እርጥበት እንዳይነካው!” አልኩ። “አንቺ ልጅ፣ አሁንስ አበዛሽው!” ብለው ሳቁ።

ቸር እንሰንብት።