ከንፈሩ ላይ ያለው ሸክላ የማን ነው?

«ጥቁር ግስላ» የተባለው የአሜሪካ የጀግንነት ተረት ፊልም በ2010 ዓ.ም. ዓለምን ከዞረ በኋላ፥ ሁለተኛው ክፍል በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ታይቶአል። ታሪኩን ለተማሪዎቻችንና ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞቻችን መተረክ አያስፈልግም፤ ከእኛ ይልቅ እነርሱ ያውቁታል። እኛ የምንናገረው ከመጋረጃው በስተጀርባ ስለ ነበረው ድካም ነው።

ዋናው ተዋናይ ቻድዊክ ቦስማን በነሐሴ 2012 ዓ.ም. በአንጀት ካንሰር ስለ ሞተ፥ አዘጋጁ ራያን ኩግለር ድርሰቱን እንደገና ጽፎ ሐዘኑን ራሱን የታሪኩ መነሻ አደረገው። የንጉሡ እኅት ሆና የምትጫወተው ሌቲሺያ ራይት በቦስተን በቀረጻ ላይ ተጎዳች፤ ሥራውም ተቋርጦ በጥር 2014 ዓ.ም. ተቀጠለ። የባሕሩ ንጉሥ የሜክሲኮው ቴኖች ዌርታ ዋና የተማረው ለዚሁ ፊልም ሲል ነው። ለደቡብ አፍሪቃው የኮሳ ቋንቋና ለሜክሲኮው የማያ ቋንቋም አስተማሪ ተፈልጎአል።

ለአንድ ተረት ይህን ያህል መድከም የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም የወንዙን ነገድ ሽማግሌ ስናይ ጥያቄ ይነሣብናል። ተዋናዩ ኢሳክ ደ ባንኮሌ ሙሉ ልብሱን ለብሶ በታችኛው ከንፈሩ ሰፊ ክብ ጌጥ አድርጎአል። በሁለቱም ፊልሞች ልብስ ኦስካር የተሸለመችው ሩት ካርተር ይህን የወሰደችው ከሚዛን ተፈሪ ወደ ደቡብ ሲወርዱ በኪቢሽ አካባቢ ከሚኖሩት ሱሪዎችና ከኦሞ ማዶ ካሉት ሙርሲዎች ነው። በእነርሱ ዘንድ ግን ሸክላውን የሚያደርጉ ሴቶች ናቸው። ልጅቱ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከንፈርዋ ይበሳል፤ በእንጨት ውታፍ ተይዞ ይሰፋል፤ ቀስ በቀስም ሸክላው እያደገ ይሄዳል። ይህን በአዛውንት ወንድ ከንፈር ላይ ማኖር የሙሽራን አልቦ በዳኛ እግር እንደ ማሰር ነው።

ነገር ግን እነርሱን ብቻ መውቀስ አይገባም። ስለ ሱሪ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው በአማርኛ ምን ተጽፎ ያገኛል? የውጭ አገር ፎቶግራፍ አንሺዎች ሥዕል ሞልቶአል። ጠለቅ ያለ ጥናት ያደረገው የሆላንዱ ሊቅ ዮን አቢንክ በብዛት የጻፈው በእንግሊዝኛ ነው።

የቡና አገር ሰው ነገሩን ከጌሻ ቡና ያውቀዋል። ከ90 ዓመታት ያህል በፊት ከዚህ ጫካ የተለቀመው ዘር በታንጋኒካና በኮስታሪካ አልፎ ፓናማ ገባ፤ በ1996 ዓ.ም. በዚያ በተደረገው ጨረታ አንዱ ፓውንድ 21 ዶላር ተሸጠ። ገንዘቡ የፓናማ ገበሬ ሆነ። ስሙ ግን የጃፓን ቃል እስኪመስል ቢጣመምም አብሮ ስለ ተሻገረ፥ ጠያቂው ሁሉ ዞሮ ወደ ጌሻ ይመጣል። ሸክላው ግን ወደ ፊልሙ የገባው ያለ ስሙ ነው።

በሚዛንና በቴፒ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አለ። ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የደቡብ ምዕራብ ክልል የራሱን መሥሪያ ቤቶች አቋቁሞአል። ከንፈራቸውን ማስበሳት የተዉ ልጃገረዶች አሉና ጊዜው አይጠብቅም። ወጣቱ ሹም ለሥራ ወደ ኪቢሽ ሲወርድ ደብተርና አስተርጓሚ ይያዝ። ሸክላውን የሠራችውን እናት ጭቃው ከየት እንደሚመጣ፥ እንዴት እንደሚተኮስ፥ በቋንቋዋ ምን እንደሚባል ይጠይቃት። ማድረጉን ወድዳው እንደ ሆነ፥ ለልጅዋም ትመኘው እንደ ሆነ ይጠይቃት፤ ጠልቼዋለሁ ብትል እንኳ ቃልዋ እንደ ወጣ ይጻፍ።