ርዕሰ አንቀጽ፦ ፋይሉን ማን እንዲከፍተው ፈቀድን?



ባለፈው ወር በምግብ አዳራሹ በር አጠገብ ሁለት የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በእጅ ስልክ ላይ አንድ ሠንጠረዥ ከፍተው ሲያነቡ አገኘኋቸው። ያነቡት የነበረው ከማኅበራችን የመረዳጃ ገንዘብ ድጋፍ የጠየቁ ተማሪዎችን ስም ሲሆን፤ በየስሙም ትይዩ እያንዳንዱ አመልካች ለምን እንደ ተቸገረ በገዛ ቃሉ የጻፈው ምክንያት ነበር። የአባት ሞት፤ የእናት ሕመም፤ ከቤት መውጣት፤ ይህን የመሰለ ነገር። ዝርዝሩ የተዘጋጀው ማመልከቻዎቹን ለሚመረምሩት ስድስት የኮሚቴ አባሎች ብቻ ነበር። ልጆቹ የሰው ምስጢር ሊሰርቁ የሄዱ አይደሉም፤ ጓደኛቸው የላከላቸውን ሊንክ ቢነኩት ተከፈተላቸው። በማግሥቱ ከአመልካቾቹ አንዱ (ወንድ ይሁን ሴት ከዚህ ጽሑፍ አታገኙም) ማመልከቻው እንዲሰረዝለት በሁለት መስመር ደብዳቤ ጠየቀ። ምክንያቱን አልጻፈም፤ መጻፍም አላስፈለገውም።

ፋይሉን ለኮሚቴው በኢሜይል የላክሁት እኔ ራሴ ነኝ። ስለዚህ የዛሬው ርዕሰ አንቀጽ ግማሹ ኑዛዜ መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ፤ ስብሰባው በነጋታው ነውና በጥድፊያ፤ በክላውድ ላይ የተቀመጠውን ሠንጠረዥ ከኢሜይሉ ጋር አያይዤ ለኮሚቴው የጋራ አድራሻ ላክሁት። ከፋይሉ ስም በታች በደቃቅና በደብዛዛ ፊደል አንዲት መስመር ተጽፋ ነበር፤ እኔ ያነበብኋት ግን ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። «ሊንኩን ያገኘ ሁሉ ማረም ይችላል» ትላለች። ማየት ብቻ አይደለም፤ ማረም! አንድ ተንኰለኛ ቢኖር ኖሮ ከዝርዝሩ ስም ሊሰርዝ ወይም የራሱን ስም ሊጨምር ይችል ነበር ማለት ነው። ይህን ፈቃድ እኔ አልመረጥሁም። እኔ ከመምጣቴ አስቀድሞ ተመርጦ ይጠብቀኝ ነበር፤ የእኔ ጥፋት አለመንካቴ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ።

ይህ «ነባሪ» የሚሉት ምርጫ፤ ማለትም ተጠቃሚው ምንም ሳይነካ የሚያገኘው፤ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን በፈረንጅ አቈጣጠር በ2003 ኤሪክ ጆንሰንና ዳንኤል ጎልድስታይን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ስለ አካል ልገሳ ያሳተሙትን ጥናት የተመለከተ እንዲህ አይልም። ራሱ ሄዶ ካልፈቀደ በቀር ማንም ለጋሽ በማይባልባት በጀርመን ፈቃደኛው ከመቶ 12 ያህል ሲሆን፤ ካልተቃወመ በቀር ሁሉም ለጋሽ ተብሎ በሚቈጠርባት በጎረቤቷ በአውስትሪያ ግን ከመቶ ከ99 በላይ ነበር። ሁለቱ ሕዝቦች በደግነት ይህን ያህል ይራራቃሉ ብሎ የሚያምን የለም። የተለያየው ቅጹ ነው።

የኮምፒዩተር ሊቃውንትም ነገሩን ያወቁት ትናንት አይደለም። በ1975 ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር በኮምፒዩተር ውስጥ ያለን መረጃ ስለ መጠበቅ በጻፉት የታወቀ ጽሑፍ ውስጥ፤ ያልተፈቀደ ሁሉ እንደ ተዘጋ ይቈጠር የሚል ደንብ አስቀምጠዋል። ምክንያታቸውን ባሰብሁት ቍጥር ይገርመኛል። ሊከፈት ሲገባው የተዘጋ በር ቢኖር ባለጉዳዩ ራሱ መጥቶ ይጮኻል፤ ስሕተቱም ወዲያው ይታወቃል። ሊዘጋ ሲገባው የተከፈተ በር ግን የሚጮኽለት የለውም። የእኛም በር እንዲሁ ለአሥራ ሁለት ቀን ሳይጮኽ ተከፍቶ ከረመ።

ለመሆኑ መሣሪያዎቹ እንዴት ይሠራሉ? በጉግል ድራይቭ በግል አድራሻ የተፈጠረ ፋይል ሲወለድ ዝግ ነው፤ ከባለቤቱ በቀር የሚያየው የለም። በጂሜይል ሊንኩን ስንልክ ግን መሣሪያው ተቀባዮቹ ፈቃድ እንዳላቸው መርምሮ፤ ከሌላቸው ያቆመንና ለእነዚህ ሰዎች ብቻ ልክፈተው ወይስ ሊንኩን ላገኘ ሁሉ ብሎ ይጠይቃል። እንግዲህ አደጋው ያለው በዚያች በመጨረሻዋ ቅጽበት ነው፤ ሰውዬው ሥራውን ጨርሶ እጁን «ላክ» ላይ ባሳረፈበት ሰዓት። በማይክሮሶፍት ዋንድራይቭ ደግሞ ከሦስቱ የሊንክ ዓይነቶች፤ ማለትም ለማንኛውም ሰው፤ ለድርጅቱ ሰዎች፤ ወይም ስማቸው ለተጠራ ሰዎች ከሚለው፤ የትኛው ቀድሞ እንደሚቀርብ፤ ማየት ወይም ማረም መሆኑንም ጭምር፤ የድርጅቱ አስተዳዳሪ አስቀድሞ ሊወስን ይችላል። አንድ ሰው አንድ ቀን የመረጠውን ሺህ ሰው ሳያውቅ ይከተለዋል።

ይህ በእኛ ግቢ ብቻ የደረሰ ጉድ አይደለም። በ2021 አፕጋርድ የተባለ የደኅንነት ኩባንያ እንዳሳወቀው፤ በማይክሮሶፍት ፓወር አፕስ የተሠሩ የብዙ ድርጅቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ድረ ገጾች 38 ሚሊዮን ያህል የግል መዝገቦችን ለማንም ክፍት አድርገው ተገኝተዋል። መቈለፊያው ነበረ፤ ግን ካልበሩት አይበራም ነበር። ኩባንያው ከዚያ ወዲህ ነባሩን ምርጫ ወደ መዝጋት ለወጠው። በአውሮፓ ኅብረትም ከ2018 ጀምሮ የሚሠራበት የመረጃ ጥበቃ ደንብ በ25ኛው አንቀጹ፤ የሰው የግል መረጃ ያለ ባለቤቱ እጅ ቍጥሩ ላልታወቀ ሕዝብ በነባሪነት እንዳይከፈት ያዛል። አገራችንም በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች። የእኛ ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ግን ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቃል የለውም።

አሁን ወደ «ዝግ ቡድን» እንምጣ፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ቡድኑ ዝግ ስለ ሆነ ወደ ቡድኑ የተላከው ፋይልም ዝግ ነው ብለን እናምናለን። ሁለቱ ግን የተለያዩ በሮች ናቸው። ፈቃዱ ለቡድኑ አድራሻ የተሰጠ እንደ ሆነ፤ ነገ ወደ ቡድኑ የሚገባ አዲስ አባል የትናንቱን ፋይል ያያል፤ የወጣውም ይቀርበታል። ፈቃዱ ለሊንኩ የተሰጠ እንደ ሆነ ግን ቡድኑ ምንም ትርጕም የለውም፤ ሊንኩ በእጁ ያለ ሁሉ ገባ። የእኛን የጋራ አድራሻ ብመረምረው ከአባሎቹ መካከል ሁለቱ ካቻምና ተመርቀው የሄዱ ወንድሞች ሆነው ተገኙ። ስማቸውን ያወጣ ሰው የለም፤ የማን ሥራ እንደ ሆነም አልተጻፈም። ይህ ጋዜጣ በማባዣ መኪና ሲባዛ ስንት ቅጂ እንደ ወጣ እናውቃለን፤ የቀረውንም ቈጥረን እናስቀምጣለን። የሊንክን ቅጂ የሚቈጥር ማን ነው?

መምህራኖቻችንንም በትሕትና አንድ ነገር ልንጠይቅ እንወዳለን። የፈተና ውጤት በአንድ ሠንጠረዥ ለክፍሉ ሁሉ ሲላክ፤ አንዱ የሌላውን ማርክ ያያል፤ የማረም ፈቃድ ከተሰጠው ደግሞ ከማየት አልፎ ይሄዳል። ለእያንዳንዱ የራሱን ብቻ መላክ አድካሚ መሆኑ አይጠፋንም። ግን ዜሮ ያገኘው ልጅ ድካምም ይታሰብ።

ይህን ሐሳብ ሰኞ ዕለት ለሥራ አስፈጻሚው ሳቀርብ አንድ ወንድማችን፤ «ለዓመታት አስተዳደሩ ሒሳቡን ይግለጥ፤ በሩን ይክፈት ስንል ኖረን፤ ዛሬ እኛው መዝጋት ጀመርን?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ቀልድም አይደለም። ማኅበሮች የሚበላሹት በምስጢር ነውና። ነገር ግን የመረዳጃው ገንዘብ ከየት እንደ መጣ፤ ስንት እንደ ወጣ፤ ለስንት ሰው እንደ ተከፈለና በምን መመዘኛ እንደ ተሰጠ ለሁሉ ይገለጥ ማለት አንድ ነገር ነው፤ የእገሌ እናት ታማለች ብሎ በምግብ አዳራሽ በር ላይ ማስነበብ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው የሥልጣን ባለቤቶች ዕዳ ነው። ሁለተኛው የችግረኛ ገበና ነው። አሳፋሪው እኛ ሁለተኛውን ከፍተን የመጀመሪያውን ገና አለመለጠፋችን ነው፤ የአምናው ሒሳብ እስከ ዛሬ አልተለጠፈምና።

ቅዳሜ በሚደረገው ጠቅላላ ስብሰባ የሚከተለው ይቀርባል። የኢሜይላችን አገልግሎት አስተዳዳሪ ነባሩን ምርጫ ስማቸው ለተጠራ ሰዎችና ለማየት ብቻ እንዲያደርገው በጽሑፍ ይጠየቅ። የሰው ስም ያለበት ፋይል ወደ ጋራ አድራሻ አይላክ፤ በየስሙ ይላክ፤ ውሳኔው ሲያልቅም ፈቃዱ ይነሣ። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ አንድ ሰው፤ ስሙ ተጽፎ፤ የቡድኖቹን አባሎች ይመርምር። የአምናውም ሒሳብ በሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ጊዜ ያባክናል የሚል ካለ፤ እኔ ያን ሌሊት ያተረፍሁት አንድ ደቂቃ እንደማይሞላ እመሰክራለሁ።

ሊንኩ ተዘግቷል። ፋይሉን ወደ ስልኩ የገለበጠ ካለ ግን መዝጋታችን አይደርስበትምና፤ እባክህ ወንድሜ፤ እባክሽ እህቴ፤ አጥፉት። ማመልከቻውን ያነሣው ጓደኛችንም ይህን ካነበበ ይህን ይወቅ፤ ማመልከቻዎቹ አሁን በወረቀት ናቸው፤ አንድ ቅጂ ብቻ፤ በሚቈለፍ መሳቢያ ውስጥ። ጊዜው እስከሚመጣው ዓርብ ተራዝሟል።