ያጠናውን ያውቀዋልን?

ልጃችሁ ደብተሩን ዘግቶ ትምህርቱን አንድ ቃል ሳያጓድል በቃሉ ሲወጣው ብትሰሙ ደስ ይላችኋል፤ ደስ ሊላችሁም ይገባል። ነገር ግን በቃል መያዝና ማወቅ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ይህንንም እኔ ራሴ ተሳስቼ ተምሬዋለሁ።

ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪ «ትነት ማለት ፈሳሽ ነገር ወደ ጋዝ የሚለወጥበት ሂደት ነው» ብሎ ሳይደናቀፍ መለሰልኝ፤ እኔም ከ10 10 ሰጠሁት። በማግስቱ እርጥብ ሆኖ የተሰጣ ነጠላ ደርቆ አይቼ «ውሃው ወዴት ሄደ?» ብለው፥ «ጨርቁ ውስጥ ሰርጎ ቀረ» አለኝ። ቃሉ በአንደበቱ፥ ነጠላው በዓይኑ ፊት ነበረ፤ ሁለቱን የሚያገናኘው መንገድ ግን በልቡናው አልተጠረገም። እኔም ማርኩን የሰጠሁት ለማስታወሱ እንጂ ለማስተዋሉ አልነበረም።

እንዲህ ያለውን ስውር ጉድለት ለማየት የሚረዳ ቀላል ዘዴ አለ፤ ስሙም የጽንሰ ሐሳብ ካርታ ይባላል። ያስገኙትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1972 ዓ.ም. በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ጆሴፍ ኖቫክና የምርምር ጓደኞቻቸው ናቸው። እነዚህ ሰዎች የልጆች የሳይንስ ዕውቀት ከጊዜ ወደ ጊዜ እንዴት እንደሚለወጥ ለመመርመር ልጆቹን እየጠየቁ መልሳቸውን ይመዘግቡ ነበር። ጽሑፉ ግን እየበዛ ሄዶ፥ የልጁ ሐሳብ የቱ ላይ እንደ ተለወጠ ለይቶ ማየት አስቸገራቸው። ስለዚህ ዋና ዋናዎቹን ቃላት ከየመልሱ አውጥተው፥ በመሥመር እያገናኙ በሥዕል መልክ አቀረቡአቸው። መሠረታቸውም የሥነ ልቡናው ሊቅ የዴቪድ አውሱቤል ትምህርት ነበረ፤ ይኸውም አዲስ ዕውቀት ትርጉም የሚያገኘው ተማሪው አስቀድሞ ከሚያውቀው ጋር ሲያያዝ ነው የሚል ነው።

አሠራሩ ወረቀትና እርሳስ እንጂ ሌላ ወጪ አይጠይቅም። አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ይጻፋል፤ ለምሳሌ «እርጥብ ልብስ እንዴት ይደርቃል?» ቀጥሎ ጥያቄውን የሚመለከቱ ቃላት፥ ማለት ውሃ፥ ሙቀት፥ ነፋስ፥ ትነት፥ ተን፥ ደመና፥ ዝናብ፥ እያንዳንዳቸው በቁራጭ ወረቀት ላይ ይጻፋሉ። ሰፊው ሐሳብ ከላይ፥ ዝርዝሩ ከታች ይደረደራል። ከዚያም የሚዛመዱት ቃላት በመሥመር ይገናኛሉ፤ በመሥመሩም ላይ ዝምድናቸውን የሚገልጽ ማያያዣ ቃል ይጻፋል። «ነፋስ» እና «ትነት» ቢገናኙ በመካከላቸው «ያፋጥናል» ተብሎ ይጻፋል፤ ሲነበብም «ነፋስ ትነትን ያፋጥናል» የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። ማያያዣ ቃል የሌለው ካርታ ግን የመሥመር ብዛት ብቻ ነው። በመጨረሻም ተራርቀው የተቀመጡትን ቃላት የሚያገናኝ ተሻጋሪ መሥመር ይፈለጋል፤ ብዙ ጊዜ የጠለቀ ማስተዋል የሚታየው በዚህ ነውና።

ያን ተማሪ ካርታውን እንዲሠራ ባዘዝሁት ጊዜ፥ በውሃና በተን መካከል «ሲፈላ ብቻ ይሆናል» ብሎ ጻፈ። ነገሩ ያን ጊዜ ተገለጠ! ተን ከሚፈላ ድስት ብቻ የሚወጣ መስሎት ነበር፤ ነጠላው አልፈላምና ውሃው ሊተን አይችልም ብሎ ደምድሞአል። ውሃ ሳይፈላም ከገጹ ጥቂት በጥቂት እንደሚተን ከተነጋገርን በኋላ፥ «ሲፈላ ብቻ» የሚለውን በገዛ እጁ ሰረዘው።

ይህን ስል በቃል ማጥናትን መንቀፌ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያለፈ ሁሉ ንባብ ከትርጓሜ እንደሚቀድም ያውቃል። ነገር ግን ንባብ የትርጓሜ በር ነው፤ ከበሩ ቆሞ የቀረ ሰው ቤቱን አላየም።

እንግዲህ እናቶችና አባቶች፥ ሁለት ነገር አደራ እላችኋለሁ። አንደኛ፥ ካርታውን ለልጁ ሠርታችሁ አትስጡት፤ የእናንተን ካርታ ካጠናማ ተመልሶ ወደ ቃል ጥናቱ መግባቱ ነው። ሁለተኛ፥ ስሕተት ብታገኙ አትቆጡት፤ ስሕተቱን በወረቀት ላይ ያወጣ ልጅ ሊማር ተዘጋጅቶአልና። ዛሬ ማታ ደብተሩን ሲዘጋ ሁለት ቃላት ከትምህርቱ መርጣችሁ «እነዚህን ምን ያገናኛቸዋል?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱንም ታግሣችሁ ስሙት።