እስከ 45 ቀን አትጠብቁ

በዛሬው ጽሑፌ በተለይ ልጅ የምትጠብቁ ባለትዳሮችን ላነጋግር እወዳለሁ።

አራስ ልንጠይቅ ስንሄድ ሕፃኑን የምናየው ብዙ ጊዜ ኮፍያው እስከ ቅንድቡ ወርዶ ነው። ከኮፍያው ሥር ጫፉ የታጠፈ ወይም ወደ ውጭ የተገተረ ጆሮ ሊኖር ይችላል። እናት አይታዋለች፤ አባትም አይቶታል፤ ነገር ግን አይነጋገሩበትም። አያትም «ሲያድግ ይስተካከላል» ብለው ያጽናኗቸዋል።

የአያት ቃል ከፊሉ እውነት ነው። በአሜሪካ ዳላስ ዶክተር ስቲቭ በርድና ባልደረቦቻቸው በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ጆሯቸው ተጣሞ ከተወለዱት ሕፃናት ከ10ሩ 3 ያህሉ በራሳቸው ተስተካክለዋል። ለቀሩት ግን ጊዜው አጭር ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሕፃኑ ሲወለድ ከእናቱ ያገኘው ኤስትሮጅን የተባለ ሆርሞን ገና በደሙ ውስጥ አለ። በዚህም የተነሣ ካርቲሌጅ የሚባለው የጆሮው ለስላሳ አጥንት በቀላሉ ይታጠፋል። ሆርሞኑ ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ ሲሄድ ግን ጆሮው እየጠነከረ በያዘው ቅርጽ ይቀራል። ኪዮሺ ማትሱኦ የተባሉ ጃፓናዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ1984 እ.ኤ.አ. ይህን ጊዜ በመጠቀም ጆሮን ያለ ቀዶ ሕክምና ማቅናት እንደሚቻል አሳይተዋል።

ሐኪሙ በጆሮው ላይ ለስላሳ መደገፊያ ወይም ለዚሁ የተሠራ ቅርጽ ማውጫ አድርጎ በሕክምና ፕላስተር ያስይዘዋል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ያደርገዋል። ማደንዘዣ አያስፈልገውም። ቆዳው እንዳይቆስል ግን ሐኪሙ ሊከታተለው ይገባል። ውጤቱ የሚያምረው በመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት ውስጥ ሲጀመር ነው። እንግዲህ የ45 ቀን ክትባት ስንሄድ እናሳየዋለን ብትሉ ዋናው ጊዜ አልፏል ማለት ነው።

ስለዚህ አባት ሆይ፣ ይህ ያንተ ሥራ ነው። ባለቤትህ አራስ ናት። በመጀመሪያው ሳምንት የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ሄደህ ሁለት ነገር ጠይቅ። የተጣመመው ቅርጹ ብቻ ነው ወይስ የጎደለ ክፍል አለው? ቅርጹ ብቻ ከሆነ፣ ይህን ሕክምና የሚሰጥ ማን ነው? በየሆስፒታሉ የሚገኝ ስላልሆነ ቀን ሳይባክን ማፈላለግ ያስፈልጋል። የጆሮው ክፍል ከጎደለ ግን በዚህ መንገድ አይስተካከልም፤ የመስማት ምርመራ ግን ሳይዘገይ ሊደረግለት ይገባል። በቤት ውስጥ በማጣበቂያ ወይም በክር ለማቅናት ከቶ አትሞክሩ፤ የሕፃን ቆዳ ስስ ነው።

«ከማን ወገን የመጣ ነው?»፣ «እርጉዝ ሳለች ምን አይታ ነው?» የሚለውንም ወሬ ከቤታችሁ አስወጡ። ጆሮ በማኅፀን ውስጥ ተጭኖ ወይም ታጥፎ በመቆየቱ ብቻ ሊጣመም ይችላል። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ጥፋተኛ ሲፈልጉ ጌታ ፍለጋቸውን አልተቀበለም። እኛስ አንዲትን አራስ ስለ ታጠፈ ጆሮ ለምን እናስለቅሳለን?

ጊዜው ያለፈባችሁ ወላጆችም አትዘኑ። እንዲህ የተጣመመ ጆሮ አብዛኛውን ጊዜ መስማትን አይከለክልም። ልጁ 5 ወይም 6 ዓመት ሲሞላው በቀዶ ሕክምና ማስተካከል ይቻላል። እስከዚያው በቤታችሁ ውስጥ ማንም በጆሮው እንዳይቀልድበት ጠብቁት።

ልጅ የምትጠብቁ ግን ሕፃኑን ስትቀበሉ ኮፍያውን አውልቃችሁ ሁለቱንም ጆሮዎች አብራችሁ እዩ፤ ያያችሁትንም በዚያው ቀን ተነጋገሩበት።