ፈተናው አንድ ነው፣ ትምህርት ቤቱስ?

የማትሪክ ውጤት በወጣ ቁጥር ይህ ዓምድ ወደ ድሮው ጠቡ ይመለሳል። ሰሞኑን ወረታ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ስንጠጣ አንድ ሰው «ፈተናው ለሁሉም አንድ ነው፤ ያልሠራ ወደቀ፣ በቃ» አለ። አብረውት የተቀመጡትም «እውነት ነው» አሉ። ደሜ ፈላ።

እዚሁ ፎገራ፣ ቁሐር ሚካኤል ያለችውን የዘመዴን ልጅ አስቤ ነው። ቀሚሷን ሸብ አድርጋ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ውስጥ ቆማ የሩዝ አረም ስትነቅል ነበር ያገኘኋት። ከ600 ያመጣችው 284 ነው። ከትምህርት ቤቷ የሚበልጣት የለም። «ጋሼ፣ አንደኛ ወጥቼ ወደቅሁ» አለችኝ፤ ቀና እንኳ አላለችም። አሥራ አንደኛ ክፍልን ግማሹን ዓመት በተዘጋ ትምህርት ቤት፣ አሥራ ሁለተኛን ደግሞ የፊዚክስ መምህር ሳይኖራት ነው የጨረሰችው።

አሠራሩን ታውቁታላችሁ። ሥነ ዜጋ ከወጣ ወዲህ ስድስት ትምህርት ነው፤ 300 የሞላለት ያልፋል፤ ከዚያ በውጤቱና በምርጫው ዩኒቨርሲቲ ይደርሰዋል። ያው ቁጥር ዲፓርትመንት ሲመረጥም ከፍሬሽማን ውጤት ጋር ተደምሮ ይመጣል። ልጁ የት፣ በምን ሁኔታ እንደተማረ ግን 300ው አይጠይቅም።

ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ኩረጃው መቀነሱን ከልቤ እደግፋለሁ፤ በዚህ ከትምህርት ሚኒስትር ብርሃኑ ነጋ ጋር ጠብ የለኝም። በ2014 ፈተና ያለፈው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል፤ ይሁን። ግን በ2016 አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች 1,363 ነበሩ። በእነዚያ ሁሉ ውስጥ አንድ ጎበዝ ልጅ ታጣ? ይህን የሚያምን ካለ አብሬው አልከራከርም። «ለልጅቱ የሪሚዲያል ማካካሻ ትምህርት አለላት» የሚሉኝም አሉ። አዎ አለ፤ ሌላ ዓመት፣ ሌላ ፈተና ማለት ነው።

የአሜሪካዋ ቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣችው ሕግ፣ ከየትምህርት ቤቱ ከላይ አሥር በመቶ ውስጥ ለወጡ ተማሪዎች የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿን በር ከፍታለች፤ የገጠሩም የከተማውም። እኛ ዘንድ ይህን ሳነሳ «መምህራን ማርክ ይለግሳሉ» ይሉኛል። የክፍል ማርክ ማን ጠየቀ? ያንኑ ብሔራዊ ፈተና ወስዳችሁ በየትምህርት ቤቱ ደርድሩት፤ አንደኛ የወጣችውን አስገቧት። የጎደላት መቶ ነጥብ አይደለም፣ አሥራ ስድስት ነው!

ሌላም አለ። ፈተናው ክረምት ላይ ነው፤ የርብና የጉማራ ወንዞች የሚሞሉበት፣ የፎገራ ቤተሰብ በሙሉ ሩዝ ማሳ ውስጥ የሚውልበት ጊዜ። ልጁ ቀን ጭቃ ውስጥ ውሎ ማታ ሒሳብ ያጠናል። ወደ ሰኔ መጀመሪያ ቢመጣ ምን ይጎዳል? የሚመልስልኝ ባለሥልጣን ካለ፣ ደብዳቤውን እዚሁ ዓምድ ላይ ሳልቆርጥ አወጣዋለሁ።