«ባህል ነው» የማይመልሰው ጥያቄ፦ የሥርዓተ ፆታ ሚና በጅግጅጋ የመማሪያ ክፍሎች

በጅግጅጋ ገበያ የግመል ወተት የሚሰበስቡት፣ በዋጋ የሚከራከሩትና በዱቤ የሚሸጡት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። በዩኒቨርሲቲ የቡድን ሥራ ግን ሴቷ ጸሐፊ፣ ወንዱ አቅራቢ ሲሆኑ ማየት የተለመደ ነው። «ባህል ነው» የሚለው ምላሽ አያሳምንም፤ ያው ባህል እናቶችን ከገበያ ድርድር አላገዳቸውም። ምክንያቱ የማስተማሪያው ቋንቋ ነው እንዳይባል፣ እንግሊዝኛ ለወንዱም ባዕድ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ለሴቶች የድጋፍ እርምጃን ደንግጓል። አፈጻጸሙ በቅበላ ቁጥር ብቻ ከተለካ ግን፣ ከቅበላ በኋላ ማን እንደሚናገርና ማን እንደሚያዳምጥ አይታወቅም። ስለዚህ ተመራማሪዎች በክፍል ውይይት ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ የማን ንግግር እንደሚቋረጥ ሊመዘግቡ ይገባል። መምህራንም የአቅራቢነትንና የጸሐፊነትን ተራ ዛሬውኑ ማፈራረቅ ይችላሉ፤ ለዚህ የጥናት ውጤት መጠበቅ አያስፈልግም።